የቪትዝ ፍቅር እና የእህት ላብ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ መኪና ነው። “መኪና የለኝም፣ እኔን አይመለከተኝም” ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት አደራ! እንዲያውም በኛ ከተማ ስለ መኪና አብዝቶ የሚከራከረው መኪና የሌለው ሰው ነው።

ካላመናችሁኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በየሰፈራችሁ ካለው ካፌ በረንዳ ላይ ቁጭ በሉና ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። አምስት ወጣቶች፣ አምስት ማኪያቶ፣ አንድ መኪና። እሷም የአንደኛው አጎት ንብረት ነች። ክርክሩ ግን የፋብሪካ ባለቤቶች ስብሰባ ይመስላል። “ከቶዮታ ወዲያ መኪና የለም!” ይላል አንዱ። “ያንተ ቶዮታ እኮ ሙዚየም መግባት ያለበት ነው፣ ጊዜው የባትሪ ነው!” ይላል ሌላው። ሦስተኛው “ጀርመን ያልነዳ ሰው ስለ መኪና አያውራ” ብሎ ቤንዚን ይጨምርበታል። እሱም ቢሆን ጀርመን የነዳው በስልኩ ጌም ላይ ነው። የአርሴናልና የማንችስተር ደጋፊም እንዲህ አይተናነቅም።

ይህ ሁሉ ሳቅ ነው። ሳቁ የሚያበቃው ገንዘብ ሲገባበት ነው። በቅርቡ የደረሰኝ ደብዳቤ እንዲህ ያለ ነው። አራት ገጽ ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ።

“ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 28 ነው። ከእናቴ ጋር ተከራይተን ነው የምንኖረው። ታላቅ እህቴ ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ስድስት ዓመቷ ነው። ለራሷ ያስቀመጠችውን ገንዘብ በኔ ስም ባንክ ውስጥ አጠራቅሜላታለሁ። አሁን ‘መኪና ግዛና በሜትር ታክሲ ሥራበት፣ እኔም ውሌ ሲያልቅ ባዶ እጄን አልገባም’ አለችኝ። ውሏ ሊያልቅ ሰባት ወር ቀርቶታል።

“ሁለት የልብ ጓደኞች አሉኝ። አንዱ መካኒክ ነው፤ ከቶዮታ ውጪ አይወራለትም። ሌላው ኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው ሾፌር ነው። ሁለቱ በኔ መኪና ምክንያት ተኮራርፈዋል። መካኒኩ ‘ባትሪ ገዝተህ ጋራዤ ድርሽ እንዳትል’ አለኝ። ሌላኛው ‘አሮጌ ብረት ከገዛህ ከኔ ጋር ሻይ እንዳትጠጣ’ አለኝ። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ቪትዝ እወዳለሁ። እናም ባለፈው ሳምንት አንድ ብርማ ቪትዝ፣ ሪሟ የሚያበራ፣ ስፒከሯ ሰፈር የሚቀሰቅስ፣ አየሁና ልቤ ሄደ። መቶ ሺህ ብር ቀብድ ሰጠሁ። በነጋታው ጓደኛዬ ትልቅ ስክሪን ያላትን ኤሌክትሪክ መኪና ወስዶ አሳየኝ። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም። አሁን እንቅልፍ አጣሁ። ለእህቴ ስለ ቀብዱ አልነገርኳትም። እባክዎ ይፍረዱን፦ ቪትዝ ወይስ ኤሌክትሪክ? ከሁለቱ ጓደኞቼ ልክ ማነው?”

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ እስክሪብቶ ይዤ ቆጠርኩ። በአራቱ ገጽ ውስጥ “ቶዮታ” እና “ቪትዝ” የሚሉት ቃላት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተጽፈዋል። “እህቴ” የሚለው አራት ጊዜ። ይህን ቁጥር ያዝልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

መጀመሪያ ስለ ፍቅሩ እናውራ። መኪና መውደድ ነውር አይደለም። እዚህ አገር ያደገ ልጅ ሁሉ ልቡ ውስጥ አንድ መኪና አለች። ለአንዱ የመምህር አባቱ ቮልስ ነች። ለሌላው ሰማያዊና ነጭ የሆነችው ላዳ። ለሌላው ዲኤክስ፣ ለሌላው ትምህርት ቤት ያመላለሰው ዶልፊን። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ እያልን የምንጠራቸው ስሞች እንኳ ከጣሊያን መጥተው የቤተሰብ ቃል ሆነዋል። እኔም የመጀመሪያ መኪናዬን የገዛሁት አባቴ ይነዳት የነበረችው ዓይነት ስለሆነች ብቻ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ሐሜት ይሆንብኛል። ብቻ አንድ ቀን ከሥሯ ተጋድሜ ዘይት ፊቴ ላይ እየተንጠባጠበ ለጓደኛዬ በስልክ “የኔዋ እኮ አትበላሽም!” ስለው ራሴን ሰማሁት። የዚያን ቀን ነው ፍቅር ምን እንደሆነ የገባኝ።

ታዲያ ወንድሜ፣ ፍቅሩ ያንተ ነው። ፋብሪካው ግን አይወድህም። ይህን የሚያስረዳ አንድ የሩቅ አገር ታሪክ ልንገርህ።

አውስትራሊያ ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሕዝቡ በሁለት መኪና ተከፍሎ ነበር፦ ሆልደንና ፎርድ። ሆልደን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮርቻ በመሥራት የጀመረ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 “የአውስትራሊያ የራሷ መኪና” የተባለችውን አወጣ። ልጅ የአባቱን መኪና ይወርሳል፣ ከመኪናው ጋር የአባቱን ጠላትም ይወርሳል። በየዓመቱ ባትረስት በሚባል ተራራማ ቦታ በሚደረገው የ1,000 ኪሎ ሜትር ውድድር ላይ ደጋፊው ተራራውን ሞልቶ ይሰዳደብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ከሁለቱ ውጪ የሆነች የጃፓን ኒሳን አሸነፈች። ሕዝቡ አሸናፊዎቹን ሽልማት መድረኩ ላይ በጩኸት ተቀበላቸው። ከሾፌሮቹ አንዱም በማይክሮፎን መልሶ ሰደባቸው።

መጨረሻውስ? ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2016 እዚያ አገር መኪና መሥራቱን አቆመ። ሆልደን በ2017 ፋብሪካውን ዘጋ። በ2020 ደግሞ የሆልደን ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ስሙንም ጭምር እንደሚተወው አስታወቀ። ለካስ “የራሳችን” ብለው የተጣሉላት መኪና ባለቤቷ አሜሪካ ነበር! ወንድማማች ያኮራረፈው ክርክር ቀረ፣ ፋብሪካዎቹ ሂሳባቸውን ሠርተው ሄዱ። እነሱ ሂሳብ ሲሠሩ አንተ ግጥም መጻፍ የለብህም።

ደግሞ ያ የምትሟገቱለት ዓርማ ኮፈኑ ላይ ነው የተለጠፈው። ኮፈኑን ስትከፍተው ነገሩ ሌላ ነው። ላዳን ውሰዳት። እ.ኤ.አ. በ1970 ቶልያቲ ከተማ መሠራት ስትጀምር መሠረቷ የጣሊያኗ ፊያት 124 ነበረች። ሩሲያዎቹ ለመጥፎ መንገድ እንድትሆን ላሜራዋን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት። “ላዳ ወይስ ፊያት?” ብለው የተጣሉ ሰዎች እህትማማቾችን ነው ያጣሉት።

የዘመኑ ደግሞ ይብሳል። አንተ የምትወዳት ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ስትወለድ መልኳን የነደፈው ሶቲሪስ ኮቮስ የተባለ ግሪካዊ ነው። አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብላ የ2000 የዓመቱ መኪና ተብላለች። ግሩም ነው! ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 በደቡብ አፍሪካ “ቶዮታ ቪትዝ” ተብላ የወጣችው መኪና በትክክል ሱዙኪ ሴሌሪዮ ነች። “ስታርሌት” የሚለውም ስም በ2020 ተመልሶ ሲመጣ የተለጠፈው ሱዙኪ ባሌኖ ላይ ነው። ቶዮታ በ2019 ያወጣት ባለ ዝናዋ ሱፕራ ሞተሯ የቢኤምደብልዩ ነው።

አሁን ደግሞ ሁለቱን ጓደኞችህን የሚያስታርቅ ነገር ስማ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2022 ለቻይና ገበያ ያስተዋወቃት ቢዜድ 3 የምትባል ኤሌክትሪክ መኪና አለች። ባትሪዋ የማን ይመስልሃል? የቢዋይዲ! ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በ1995 በባትሪ ሥራ የተቋቋመ፣ መኪና መሥራት የጀመረው በ2003 የሆነ ኩባንያ ነው። እንግዲህ ኩባንያዎቹ አንድ ኮፈን ሥር ተስማምተው እየኖሩ፣ የኔና ያንተ ጓደኞች ሻይ አብረው መጠጣት አቃታቸው። አያስቅም?

“ታዲያ ሁሉም አንድ ነው ማለትዎ ነው?” እንዳትለኝ። አይደለም። ልዩነት አለ፣ ግን ልዩነቱ በዓርማ ሳይሆን በሥራ ነው የሚለካው። እስቲ ሁለቱንም ወገን በየተራ እናዳምጥ።

መካኒኩ ጓደኛህ እውነት አለው። የቶዮታ መለዋወጫ ሶማሌ ተራ ብትሄድ ከየሱቁ ታገኛለህ። ጎርጎራ ላይ ብትቆም እንኳ ሞተሩን የሚያውቅ እጅ አይጠፋም። ነዳጅ ከተገኘ ረጅም መንገድ አያሳስብህም። ልሽጥ ስትልም ገዢ አለ። ዋጋዋ ለምን እንዲህ ተሰቀለ ካልክ በመልኳ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት አስወደደው። በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ወሰነ። የሚገባ ሲቀንስ ያለው ይወደዳል። ስለዚህ ከምትከፍለው ዋጋ ከፊሉ የመኪናዋ ሳይሆን የእጥረቱ ነው። እጥረት ደግሞ ዕድሜ ልክ ላይቆይ ይችላል። ይህን መካኒኩ አልነገረህም።

ሌላኛው ጓደኛህም እውነት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር በአምስት እጅ አንድ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ አየር ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ትንሿ ሞተር አራት ሰው ጭና ዳገት ላይ የምታቃስተው ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ እንጦጦም ላይ ጅቡቲም ላይ ጉልበቱ ያው ነው። ቁልቁለት ስትወርድ ከጉልበቷ ከፊሉን መልሳ ባትሪዋ ውስጥ ትከታለች። የዘይት ቅያሪ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን የሚባል ጣጣ የለም። ለከተማ ቁም-ሂድ ትራፊክ ከዚህ የተመቸ የለም።

ግን እሱም ያልነገረህ አለ። ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪኖች ላይ የሚጻፈው “በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር” የሚለው ቁጥር ቸር በሆነ መለኪያ የተለካ ነው። እኔ ሩቡን ቀንሼ ነው የማስበው፤ በፈጣን መንገድ ላይ ከዚያም በላይ። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ 700 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው፤ ዳገቱ በመንገዱ ፍጆታ ላይ ተጨማሪ ባትሪ ይበላል። የቻርጅ ሶኬቷም የቻይና ዓይነት ከሆነ ያሰብክበት ቦታ ያለው መሰኪያ የሚገጥም መሆኑን ቀድመህ እይ። ስክሪኑ በቻይንኛ ከሆነ ደግሞ ፍሬቻ ፍለጋ ስትነካካ ወንበር ማሞቂያ ታበራለህ።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ መኪናዋ የት ታድራለች? ተከራይተህ ነው የምትኖረው። ተራ የቤት ሶኬት በሰዓት ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው የሚሰጥህ። ሌሊቱን ስምንት ሰዓት ብትሰካት 16 ወይም 17 ኪሎዋት ሰዓት ይገባል። ትንሽ ኤሌክትሪክ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 13፣ 15 ያህል ትበላለች ብለህ ብታስብ፣ አንድ ሌሊት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጥሃል። ለሜትር ታክሲ ደህና ነው። ግን ቆጣሪው የማነው? የአከራይህ! የግቢውን ቆጣሪ አምስት ተከራይ የሚጋራው ከሆነ በወሩ መጨረሻ ግቢው ጦር ሜዳ ይሆናል። መብራት የጠፋ ሌሊትስ? በማግስቱ የሥራ ቀን የለህም ማለት ነው። አከራይህን ሳታነጋግር፣ ሽቦው ጭነቱን እንደሚችል ባለሙያ ሳያይልህ፣ ስለ ስክሪን ስፋት ማውራት ዋጋ የለውም።

እንግዲህ ሪሙ፣ ስፒከሩ፣ ስክሪኑ የት ገባ? የትም። ሜትር ታክሲ የሚጠራ ተሳፋሪ በሰዓቱ መድረስህን፣ የኋላው ወንበር ንጹሕ መሆኑን፣ በሩ መዘጋቱን ነው የሚያየው። ስፒከርህ ሰፈር ቢቀሰቅስ እንዲያውም “ቀንስልኝ” ይልሃል። የሚያበራው ሪም ለማን ነው? ለተሳፋሪው አይደለም። ካፌ በረንዳ ላይ ለተቀመጡት አምስት ልጆች ነው።

አሁን ያልኩህን ቁጥር አስታውስ። አሥራ ዘጠኝና አራት። በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ መካኒኩ ተጠይቋል፣ ሾፌሩ ተጠይቋል፣ ደላላው ተጠይቋል፣ እኔ እንኳ ተጠይቄያለሁ። ያልተጠየቀች አንዲት ሰው ነች፤ ባለገንዘቧ። ስድስት ዓመት ሰው ቤት ስትሠራ የሰው ልጅ አሳድጋ፣ የሰው ወለል ወልውላ ያጠራቀመችውን ይዘህ “ልቤ ሄደ” አልክ። ልብህ መሄዱ ባልከፋ፤ መቶ ሺህ ብሯን ይዞ ሄደ እንጂ! እንቅልፍ ያጣኸው በቪትዝና በኤሌክትሪክ መካከል ስለተወጠርክ አይመስለኝም። ያልነገርካት ስለሆነ ነው።

ክፉ ሰው ነህ እያልኩ አይደለም። ክፉ ብትሆን አትጽፍልኝም ነበር። ስድስት ዓመት ገንዘቡን ሳትነካ አስቀምጠሃል፤ ይህን ያላደረጉ ስንት ወንድሞች እንዳሉ ከዓረብ አገር የሚመለሱ እህቶቻችን ያውቁታል። ስለዚህ ሳይበላሽ አስተካክለው። የኔ ምክር ይኸው፦

አንደኛ፣ ዛሬውኑ ደውልላት። መጀመሪያ ስለ ቀብዱ ንገራት። ከደላላ አፍ ብትሰማው ሌላ ነው፣ ካንተ ብትሰማው ሌላ ነው። ልትቆጣ ትችላለች። ትቆጣ። መብቷ ነው።

ሁለተኛ፣ የቀብዱን ውል አውጥተህ አንብበው። ብትተወው ምን ያህል እንደሚቀርብህ፣ ሻጩ በስምምነት የሚመልሰው እንዳለ በትሕትና ጠይቅ። ቀብዱን ላለማጣት ብለህ ግን የማይሆንህን መኪና አትግዛ። መቶ ሺህ ላለማጣት ሚሊዮን ማጣት ምን ይሉታል?

ሦስተኛ፣ ወረቀት ያዝ። በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሠራ ጻፍ። ትንሽ የቤንዚን መኪና በከተማ ትራፊክ በ100 ኪሎ ሜትር ሰባት ሊትር ያህል ትጠጣለች ብለህ በዛሬው የነዳጅ ዋጋ አባዛ። በጎኑ የኤሌክትሪኩን አባዛ። ኢንሹራንስ፣ ጎማ፣ ጥገና ጨምር። ከዚያ “በሰባት ወር ውስጥ ለእህቴ ምን ያህል ይመለሳል?” ብለህ ጠይቅ። መልሱን የሚሰጥህ ወረቀቱ ነው፣ ጓደኞችህ አይደሉም።

አራተኛ፣ ቪትዝ ከሆነች የሻጩ ወዳጅ ያልሆነ መካኒክ ያያት። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ እንደሆነና ሥራው በደንብ የተሠራ መሆኑን ይይልህ። ኤሌክትሪክ ከሆነች ደግሞ የባትሪዋ ጤና በመሣሪያ ይለካ፣ የባትሪው ዋስትና እዚህ አገር የሚሠራ መሆኑን በጽሑፍ ጠይቅ።

አምስተኛ፣ ሊብሬው በማን ስም እንደሚሆን ከመግዛትህ በፊት ተስማሙ። በሷ ስም ቢሆን ደስ ይለኛል፤ የውክልና ወረቀቱን አጣርታ ትላክልህ። ያንተ ድርሻ ደመወዝ ነው ወይስ እኩል፣ እሱንም ጻፉት። “ወንድምና እህት ምን ወረቀት ያስፈልጋቸዋል?” የሚሉህን አትስማ። ወረቀት የሚያስፈልገው እንዳይጣሉ ነው።

“ፍርድ ስጠኝ” ብለሃልና አልሸሽም። አከራይህ ፈቅዶ፣ መስመሩ ችሎ፣ ሥራህም ከከተማ የማይወጣ ከሆነ እኔ በሂሳቡ ለትንሿ ኤሌክትሪክ አደላለሁ። መሰኪያ ቦታ ከሌለህ ግን ክርክሩ አበቃ፤ ሪም የሌላት፣ ሞተሯ ጤነኛ የሆነች፣ ዋጋዋ ያልተጋነነ ቪትዝ ፈልግ። እንደምታየው ሁለቱም ጓደኞችህ ልክ ናቸው። ያልተስማሙት መኪናዋ የት እንደምታድር ሳይጠይቁ ስለሆነ ነው። እነሱንም አንድ ላይ ጋብዛቸው፣ ሻዩን አንተ ክፈል። የቢዜድ 3ን ባትሪ ታሪክ ንገራቸው። ሲስቁ ይታረቃሉ።

ፍቅርህንም አትግደለው። አንድ ቀን በራስህ ላብ፣ በራስህ ስም፣ ሪሟ የሚያበራ ቪትዝ ትገዛለህ። ያን ጊዜ ስፒከሩን እስከ ጥግ ክፈተው፤ እኔም በረንዳው ላይ ሆኜ እጄን አወዛውዝልሃለሁ። የዛሬዋ መኪና ግን እህትህን ከአውሮፕላን ማረፊያ የምትቀበልባት ነች። እሷ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ መስኮቱን ስትከፍት የምትጠይቅህ “ማርኳ ምንድነው?” ብላ አይመስለኝም።

እናንተስ አንባቢያን ምን ትላላችሁ? በመኪና የተኮራረፈ ጓደኛ ያላችሁ ጻፉልን፤ ስማችሁን አናወጣም። እስከ ሳምንት ቸር ያሰንብተን!